ውሃው በየት ይሂድ? ለደሴ ምክር ቤት እጩዎች ስለ አየር ንብረት ምን እንጠይቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስለ ምርጫ ስናወራ አንዱ "የአየር ንብረት ለውጥ" ካለ ወሬው ይቀዘቅዛል። ቃሉ የስብሰባ ቃል ሆኖብናል። ነገሩ ግን ያለው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በራችን ላይ ነው። ቅሬ (እድር) ላይ፣ ሰኞ ገበያ መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ሰዎች ከጠየቁኝ መካከል የሚደጋገሙትን ሰብስቤ የምችለውን መልሻለሁ። የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም። አስተያየት ግን አለኝ፤ አልደብቀውም።

የአየር ንብረት ለውጥና የከተማ ምክር ቤት ምን አገናኛቸው?

ውሃ።

ደሴ ጎድጓዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በምዕራብ የጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል፣ መሃል ላይ የቦርከና ወንዝ። ጦሳ ላይ የዘነበው ወደ ቦርከና ሲወርድ የሚያልፈው በእኛ ደጅ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል። ስለዚህ ዓለም በሞቀ ቁጥር ከባድ ዝናብ የባሰ ይከብዳል። በወር ተከፋፍሎ ይወርድ የነበረው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለቀቃል።

የሰፈሬን ላጫውታችሁ። መንገዳችን ኮብልስቶን የተነጠፈ ሰሞን ደስታችን ልክ አልነበረውም። ጭቃ ቀረልን፣ ጫማችን ተረፈ። ክረምቱ ሲገባ ግን ቦዩን ማንም እንዳላሰበበት ገባን። ድሮ አፈሩ ይጠጣው የነበረው ውሃ አሁን ድንጋዩ ላይ እየተንሸራተተ ቁልቁል ይበራል። አንድ የነሐሴ ማታ ጩኸት ሰምተን ወጣን። ከታች ያሉት ጎረቤታችን፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ ቤታቸው እስከ ጉልበት ሞልቷል። እሳቸው ቡሃቃቸውን አቅፈው አልጋ ላይ ቆመዋል። "ቤቱስ ይሁን፣ ሊጡ ለነገ ነበር" አሉን። እኛ አሸዋ በማዳበሪያ ሞልተን በሩ ላይ ደረደርን። ጠዋት ቦዩን ስንከፍተው ከፌስታል፣ ከውሃ ፕላስቲክና ከአሮጌ ጫማ ጋር ደለሉ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል።

ለዚያ ማታ ሰማዩም ድርሻ አለው፣ ቦዩም ድርሻ አለው። ሰማዩን የደሴ ምክር ቤት አያዘውም። ቦዩን ግን ያዘዋል።

የትኛውን ምርጫ ነው የምታወራው? የፓርላማውን?

አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ምርጫ የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤት ነበር። እዚህ የማወራው የአካባቢ ምርጫ ስለሚባለው ነው። የከተማ፣ የክፍለ ከተማና የቀበሌ ምክር ቤት የሚመረጥበት ማለት ነው። በአገር ደረጃ ይህ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዶ ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፤ ከዚያም ቀጠሮው ሲገፋ ሲገፋ ቆየ። በ2005 የተወለደ ልጅ አሁን ጢም ሊያበቅል ነው።

ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል።

"ታዲያ ቀኑ ሲቆረጥ አይደርስም?" ትሉኝ ይሆናል። አይደርስም። ቀኑ ሲቆረጥ ፖስተር፣ ማይክና ቲሸርት ነው የሚመጣው። ጥያቄ የሚበስለው ከዚያ በፊት ነው።

የከተማ ምክር ቤት በዚህ ጉዳይ ምን ማድረግ ይችላል?

ብዙ ሰው "ምን ሥልጣን አላቸው፣ ሁሉም ከላይ ነው" ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። በተግባር የሚታየው የቱ ነው ካላችሁ፦ የከተማው ዓመታዊ በጀት፣ የመሬት አጠቃቀም ፕላን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድና ቦይ፣ የቆሻሻ አሰባሰብ፣ አረንጓዴ ቦታዎች። የከተማ አየር ንብረት ፖሊሲ የሚባለው ዘጠና በመቶው እነዚህ ናቸው። (ዘጠናው የግምት ነው፣ በሜትር አልለካሁትም።)

የማይችሉት ደግሞ አለ። ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው በሐረጎ የሚያልፈው ዋና መንገድ የፌዴራል ነው። በ2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ባለቤቱ የፌዴራል መንግሥት ነው። መብራትም እንደዚሁ። ለቀበሌ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ እገነባለሁ ካላችሁ ቆሎውን ብሉለትና ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

እጩው "አንድ ሚሊዮን ችግኝ እተክላለሁ" ቢለኝስ?

በጎ ነገር ነው። ከ2011 ክረምት ጀምሮ አረንጓዴ አሻራ እየተባለ በየዓመቱ እንተክላለን። እኔም ተክያለሁ፣ ፎቶም ተነስቻለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሐምሌ ላይ የተቆጠረው ሳይሆን ግንቦት ላይ የሚቆጠረው ነው። ችግኝ ክረምቱን ራሱ ያድጋል። የሚሞተው በበጋ ነው። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ፀሐይ፣ ፍየልና ውርጭ ይረባረቡበታል። ስለዚህ እጩውን እንዲህ በሉት፦ የት ነው የምትተክለው? ቦታው የማን ነው? በጥርና በየካቲት ማን ያጠጣዋል? ከብት እንዳይገባ ማን ይጠብቃል፣ ደመወዙስ ከየት ይመጣል? አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ እጅ አውጥተው "ልጄ፣ ያምናውን አሳየንና የዘንድሮውን እናምንሃለን" ሲሉ ሰምቻለሁ። አዳራሹ ሳቀ። ተናጋሪው ግን ወደ ሌላ ርዕስ ሄደ።

ተራራ ላይ ከችግኝ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቦታውን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ አድርጎ እርከን መሥራት ነው። ሣሩ በራሱ ይመለሳል። ሣር ደግሞ ለፎቶ አይመችም፤ ለዚህ ይመስለኛል ማንም ቃል የማይገባው።

ከጦሳ ግርጌ ነው የምኖረው። ናዳን በተመለከተ ምን ልጠይቅ?

ይህን ጥያቄ ረጋ ብለን እንየው፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነው።

ደሴና ዙሪያዋ የመሬት መንሸራተት የሚያጠቃቸው መሆናቸው አዲስ ነገር አይደለም። ቁልቁለቱ ላይ ያለው አፈር ከላይ የወረደና ያልጠነከረ ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ መያዣውም ይላላል። እኛ ደግሞ ግርጌውን ቆርጠን መንገድና ቤት እንሠራለን። ግርጌው የተቆረጠ ተራራ እግሩን እንደተመታ ሰው ነው። ከላይ ደግሞ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ የሚያፈስ ቧንቧ እንጨምርበታለን። የሚያፈስ ቧንቧን አትናቁት፤ በጋውን ሙሉ ቁልቁለቱን የሚያርሰው እሱ ነው።

ጎፋ ላይ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተሯሯጡትን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ከዚያ የምንማረው ነገር ቢኖር ናዳ በደረሰበት ቦታ ላይ ተንጋግቶ መውጣት አደገኛ መሆኑን ነው። ለቅሶ ደራሽ ሕዝብ ይህን መስማት ይከብደዋል፤ የጎረቤቱን ጩኸት ሰምቶ የሚቀመጥ ወሎዬ የለም። ለዚህ ነው ማን መቼ እንደሚወጣ፣ ማን ከላይ ቆሞ ቁልቁለቱን እንደሚያይ አስቀድሞ መነገር ያለበት።

እንግዲህ እጩውን ጠይቁት። አደገኛ ተብለው የተለዩ ቁልቁለቶች በከተማው ፕላን ላይ ምልክት አላቸው? ካላቸው ለሕዝብ ይለጠፋሉ? እዚያ ላይ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ቀድሞ የሰፈረውስ ሰው ይነሳል ከተባለ ወዴት ነው የሚነሳው? "ይነሳሉ" ብሎ ቦታ የማይጠቅስ እጩ ችግሩን አልፈታም፣ አዛወረው እንጂ። አብዛኛው ሰው እዚያ የሰፈረው ተራራ ወድዶ አይደለም። ኪራይ አሳድዶት ነው።

የድጋፍ ግንብ እሠራለሁ የሚል ይመጣል። ጥሩ፤ "የውሃ መውጫ ቀዳዳ አለው?" በሉት። ከበስተጀርባው ውሃ የሚያቁር ግንብ ራሱ ይገፋል። በድንጋይና በሽቦ የሚሠራው ጋቢዮን ውሃ ስለሚያሳልፍ ለብዙ ቦታ የተሻለ ነው።

ምርጫ ባይኖርም ለራሳችሁ የምትይዙት፦ መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ይዘጋ የነበረ በር ግጥም አልል ካለ፣ የመብራት ምሰሶ ወይም ዛፍ መዝመም ከጀመረ፣ ባልነበረበት ቦታ ውሃ ከፈለቀ አትጠብቁ። ለቀበሌ ንገሩ፣ ሌሊቱን ደግሞ ሌላ ቦታ እደሩ።

ባሕር ዛፉ ይነቀል የሚሉ አሉ። ትክክል ነው?

ግማሹ ትክክል ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይወዳል፣ ሥሩም ሣር እንደ ልብ አይበቅልም። ግን ቁልቁለት ላይ ያለውን ከነጉቶው አንስቶ ባዶ መተው ሌላ ጣጣ ነው፤ አፈሩን የያዘው ሥር በጥቂት ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል። በየተራ ቀንሶ በወይራና በአገር ጥድ መተካት ይሻላል። ደግሞ ምጣዱ የሚጣድበትን ማገዶ ማን ይስጥ? ባሕር ዛፍ የምትሸጥ ሴትም መራጭ ናት።

የደሴ ቆሻሻ ኮምቦልቻ ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው?

ቦርከናን ጠይቁት። ከደሴ ተነስቶ በዶሮ መዝለያ በኩል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ጨፋ ረግረግ፣ ብሎም ወደ አዋሽ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የከፍታ ልዩነቱ ግን 600 ሜትር ገደማ። ውሃ ይህን ያህል ሲወርድ ቆሞ ሰላም አይልም። እኛ ቦይ ውስጥ የጣልነውን ፌስታል ለወንድሞቻችን ነው የምንልከው። በኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካው ፍሳሽ ይጨመርበታል፣ ጨፋ ላይ ያለው አርሶና አርብቶ አደር ድምሩን ይቀበላል።

ስለዚህ የደሴ እጩ ስለ ኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻ እጩም ስለ ደሴ መጠየቅ አለበት። ሁለት ምክር ቤት፣ አንድ ወንዝ። ወንዙ ዳር ስንት ሜትር ነጻ ይተዋል? የደረቅ ቆሻሻ መጣያው ከወንዝ ምን ያህል ይርቃል? የሽንት ቤት መኪና የጫነውን የት ነው የሚደፋው? የመጨረሻው ጥያቄ ሰው ያፍርበታል፤ እናንተ አትፈሩ።

ፋብሪካ ወንዝ ሲበክል ካያችሁ ደግሞ ምርጫ መጠበቅ የለባችሁም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው "የግል ጥቅሜ ተነክቷል" ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል ያደርጋል። ይህን ሕግ የሚያውቅ እጩ ካገኛችሁ ስሙን ያዙት።

ክረምት በጎርፍ እንጨነቃለን፣ በጋ ውሃ በፈረቃ ነው። ይህስ እንዴት ነው?

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለኛም ይሠራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የቧንቧ ድምፅ ሰምቶ ተነስቶ ጀሪካን የደረደረ ሰው ያውቀዋል።

እጩዎች "አዲስ ጉድጓድ እናስቆፍራለን" ይላሉ። ይቆፈር። ግን የከርሰ ምድር ውሃ ባንክ ነው፣ የሚያስገባ ከሌለ ያልቃል። ጦሳ ላይ የሚሠራው እርከን የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው። ውሃው መሮጥ ሲያቆም ይሰርጋል።

እኔ እንዲነሳ የምፈልገው ቀላል ነገር አለ፦ አሸንዳ። ደሴ ላይ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሊትር ነው። አንድ ሮቶ ሞላ ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ዝናብ። እስቲ ለትምህርት ቤቶች፣ ለጤና ጣቢያዎች፣ ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያዎች አሸንዳና ሮቶ እንዲገባ በጀት የሚያስይዝ እጩ አሳዩኝ። ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለችግኝ ይበቃል። የተረፈውም ቢሆን የእማማን ቤት አያጥለቀልቅም።

ድርቅ የገጠር ጉዳይ አይደለም እንዴ?

ለወሎ ሰው ድርቅን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስልሳ አምስትንና ሰባ ሰባትን ያላየ እንኳ ከአባቱ ሰምቷል። በልግ ሲቀር መጀመሪያ ገጠሩ ይጎዳል። ቀጥሎ የጤፍና የማሽላ ዋጋ ይወጣል፣ ከዚያ ዘመድ ይመጣል፣ ከዚያ የቀን ሥራ ፈላጊው ይበዛል። ጦርነቱ ያፈናቀለውን ሰው ያስጠጋች ከተማ ይህን በደንብ ታውቃለች።

ምክር ቤቱ በልግ አያዘንብም። ግን የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። ተጠቃሚዎቹ መንገድ ሲጠርጉ፣ አረንጓዴ ቦታ ሲያለሙ አይተናል። እንዲህ ዓይነት የአካባቢ ሥራ ለድሃው ገቢ ለከተማው ደግሞ ቦይ ይሰጣል። እጩው "እንዴት ታሰፋዋለህ?" ሲባል ምን ይላል? ቦዩ ሐምሌ ላይ ከሚጠረግ ግንቦት ላይ እንዲጠረግ ያደርጋል?

ኮምቦልቻ ላለነውስ?

ሙቀትና ወባ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወባ ለመራባት አይከብዳትም። በሞቃት ዓመታት ወባ ከለመደችው ከፍታ ወደ ላይ ትወጣለች። ስለዚህ የቆመ ውሃ የማፋሰስና የአጎበር ነገር የአየር ንብረት ጥያቄ ነው። ሌላው የጥላ ዛፍ ነው። በሚያዝያ ቀትር መናኸሪያ የቆመ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፌስታል አልተከለከለም እንዴ?

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከልክሎታል። መከልከልና መጥፋት ግን ለየቅል ናቸው። እጩው ቸርቻሪውን ከመቅጣቱ በፊት ምን ምትክ እንዳሰበ ጠይቁት። የሰኞ ገበያ ሴቶች ዘንቢል ይሰፋሉ፤ ያውም ያምራል።

ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚያወሩት። በምን ልለያቸው?

በወር። "በትኩረት እንሠራለን" የሚል እና "በግንቦት ከሮቢት እስከ ቧንቧ ውሃ ያለውን ቦይ እናስጠርጋለን" የሚል አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ሊዋሽ ይችላል፣ ግን ውሸቱ ይታወቅበታል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀቱ የሚጸድቀው በዚያው ሰሞን ነው፣ ክረምቱም የሚገባው ያኔ። ቦይ የሚጠረገው ከዝናቡ በፊት ከሆነ ገንዘቡ በያዝነው ዓመት በጀት ውስጥ መያዝ ነበረበት ማለት ነው። ይህን የጊዜ ነገር የገባው እጩ ሥራውን ያውቃል። እኔ በዚህ ብቻ እለያለሁ።

ተመርጦ ቃሉን ካልጠበቀስ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መራጩ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። ረጅም መንገድ ነው። ቅርቡ መንገድ ቅሬ ነው። ቃሉን የገባበትን ቀን ጻፉ፣ በየሦስት ወሩ ለቀብርም ለሰርግም ስታገኙት "ያ ቦይ እንዴት ሆነ?" በሉት። ሰው ፊት ተደጋግሞ መጠየቅን የሚቋቋም ተመራጭ አላየሁም።

ጥያቄ ብጠይቅ ተቃዋሚ እንዳይሉኝ እፈራለሁ።

ይገባኛል። ስለ ቦይ መጠየቅ ግን የሁሉም ነው። ብቻችሁን አትጠይቁ፤ አምስት ጎረቤት ሆናችሁ ወይም በቅሬው ዳኛ በኩል አቅርቡት። ማንን እንደመረጣችሁ ደግሞ ድምፅ አሰጣጡ ሚስጥራዊ ነው፤ ለባልም ለሚስትም መናገር ግዴታ የለባችሁም።

እሺ፣ ለማን ልምረጥ?

ይህን እንኳ አልነግራችሁም።

እኔ ራሴ ብወዳደርስ?

21 ዓመት ከሞላችሁ መንገዱ ክፍት ነው፤ ቀሪውን መስፈርት ከምርጫ ቦርድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በፓርቲም በግልም መቅረብ ይቻላል። ዘመቻ ስትጀምሩ ወደ ሰፈራችን ብቅ በሉ። ቡና አለ። ብቻ ዝናብ ካየለባችሁ በላይኛው መንገድ ኑ፤ ታችኛው ቦይ እንደገና ተደፍኗል።